የሙጃው ጌታ ሳጥን

መምህር ስጦታውን በሳምንት ስድስት ቀን የሚሰማው ሰው አልነበረም። ቢቸና ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ኮምፒውተሮቹ ግን መብራት ሲኖር ይበላሻሉ፣ ሲጠገኑ ደግሞ መብራት ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ኪቦርድ እየሣለ «እዚህ ጋ ትጫናላችሁ» ይላል። ተማሪዎቹ በመስኮት የሚያልፈውን ባጃጅ ይቆጥራሉ። ቤት ሲገባ እናቱ ወይዘሮ ሀብትነሽ ይናገራሉ፣ እሱ ይሰማል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጥ ጨርሶ የማያውቅ ሰው ነበር።

እሑድ ከሰዓት ግን ንጉሥ ነው። መናገሻው የኃይለ ጊዮርጊስ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ዙፋኑም ሱቁ ውስጥ ያለው ብቸኛ ባለ መደገፊያ ወንበር ነው፤ ሌላው ሰው የወረቀት ካርቶን ላይ ይቀመጣል። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስጦታው እዚያ ላይ ተደላድሎ ሲናገር ሦስት ጎልማሶች አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። ለዚያ ሦስት ሰዓት ሲል የቀረውን ሳምንት ይታገሠዋል።

ጨዋታውን ያመጣው ከባሕር ዳር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የዶርም ጓደኛው ያስተማረው። አንዱ ተራኪ ይሆንና የሌለ አገር ይፈጥራል፤ ሌሎቹ በዚያ አገር ውስጥ አንዳንድ ሰው ይሆናሉ። ተራኪው «ከፊታችሁ ወንዝ ሞልቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፣ እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ ያጠራጠረውን ነገር ሃያ ፊት ያለው ዳይስ፣ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር፣ ይወስነዋል። ከፍ ያለ ቁጥር ከወጣ ተሳካ፤ ዝቅ ያለ ከወጣ ጉድ ፈላ።

ፈንታነሽ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ስድስት ቀን ሙሉ በለሆሳስ «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» ስትል ትከርምና እሑድ ቁመቷን የሚያህል ጎራዴ የታጠቀች ተዋጊ ትሆናለች። ያለው የሚባለው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የሞጣ ልጅ ነው፣ ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል። በጨዋታው ሰላይ ሲሆን በተረፈ ጊዜው የተባለውን ሁሉ በቀንና በሰዓት ደብተር ላይ ይመዘግባል፤ ይህን አድርግ ያለው የለም፣ ልማድ ሆኖበት ነው። ዲያቆን ኃይለ ጊዮርጊስ ደግሞ ቅኔ ቤት ዓመታት ቆይቶ የወጣ የሱቁ ባለቤት ነው። መጀመሪያ «አንተ አስማተኛ ነህ» ቢባል «ቀስ በል፣ ነገ ቅዳሴ አለብኝ» ብሎ እምቢ አለ። ከብዙ ድርድር በኋላ «ጥበበኛ» ሆነ። ከእጁ እሳት ይወጣል፤ ከማውጣቱ በፊት ግን ያማትባል።

የስጦታው መከራ ክፉ ሰው ማጣት ነበር። ጀግና ያለ ክፉ ሰው አይሆንም፤ ክፉ ሰውም መዋሸት ካልቻለ ተራ ጅብ ነው፣ ሰይፍ ትመዝና ትገላገለዋለህ። እሱ የፈጠረው ክፉ የሙጃው ጌታ ይባላል። የረገጠው መሬት ሁሉ ሙጃ ይወርሰዋል፤ ጤፉም፣ ግንቡም፣ ሰውም። ነጯን ከተማ መዋጥ ይፈልጋል፤ ግን በበሯ በገዛ እግሩ ማለፍ አይችልም። የከተማዋ ወዳጅ የሆነ ሰው በእጁ ይዞ ካስገባው ግን አለቀ። ስለዚህ የሙጃው ጌታ እነዚህን ሦስት ሰዎች ማታለል አለበት። እነዚህን ሦስት ሰዎች ማታለል ደግሞ ከባድ ሆነ።

መጀመሪያ መነኩሴ አስመስሎ ላከው። ኃይለ ጊዮርጊስ ካርቶኑ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠና «ይፍቱኝ አባ፣ ከየትኛው ገዳም ነዎት? ዛሬ ጠዋት ምን ተነበበ?» አለ። ስጦታው ተንተባተበ፤ መነኩሴው በዚያው ተያዘ። ቀጥሎ ነጋዴ አደረገው። ያለው ተነሥቶ ቆሞ እንደ ድሮ ባለ ሙግት በልሃ ልበልሃ ጀመረ፤ በቅሎህ ከየት ተነሣች፣ ስንት ቀን ተጓዘች፣ በዚህ ዝናብ መጥታ ሰኮናዋ ለምን ጭቃ የለውም? ነጋዴው ከነበቅሎው ታሰረ። በመጨረሻ ስጦታው ተስፋ ሲቆርጥ ጫካ ውስጥ የምታለቅስ ቆንጆ ልጅ አመጣ። ፈንታነሽ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችም። «ቆንጆ ሴት፣ ጫካ ውስጥ፣ ብቻዋን፣ ፀጉሯ ተሠርቶ?» አለችና አንገቷን ቀላቻት።

ያን ዕለት ያለው ደብተሩን ዘጋ። «ስጦታው፣ እኔ አንተን መናቄ አይደለም። ግን ሞጣ ውስጥ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ከዚህ የተሻለ ይዋሻል። አንድ ወር እንስጥህ። በአንድ ወር ካላታለልኸን ወንበሩን ልቀቅና እኔ ልተርክ።»

ስጦታው ሌሎቹ ይቃወማሉ ብሎ ጠበቀ። ፈንታነሽ ጥፍሯን አየች። ኃይለ ጊዮርጊስ ቀለም ያለቀበት ማሽን ላይ አቧራ ጠረገ። ስጦታው ወንበሩ ከሥሩ ሲነቃነቅ ተሰማው።

ያን ሳምንት ያለ እንቅልፍ ነው የከረመው። ኃሙስ ከሰዓት የድሮ ማስታወሻዎቹን ሲፈልግ እናቱ አልጋ ሥር ገባ። እዚያ በገመድ የተጠፈረ የቆርቆሮ ሳጥን አለ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየዋል፣ ልብ ብሎት ግን አያውቅም። ጎተተው።

«እጅህን!» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ ከጓዳ። ማን ነገራቸው? እግዜር ነው የሚያውቀው።

«ምንድን ነው እማ?»

«የፀሐይነሽ አደራ ነው። ሁመራ ስትሄድ ያስቀመጠችው።»

«ፀሐይነሽ ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት እኮ! ምን አለበት?»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉና እንደተሰደበ ሰው አዩት። «የሰው አደራ እከፍታለሁ? ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?»

ስጦታው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። እናቱ በየትኛው ቤት ምን ወጥ እንደተሠራ ከሽታው የሚለዩ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች ከልጅቷ ቀድመው የሚያውቁ ሴት ናቸው። እኚሁ ሴት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጀርባቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ስላለ ሳጥን አንድ ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም። ቢላዋ ይዘው ይጠብቁታል እንጂ ምን እንደሆነ አያውቁም።

እስካሁን የሠራቸው ክፉዎች ሁሉ እመኑኝ ባዮች ናቸው። ጎጃም ውስጥ እመኑኝ የሚል ሰው ገና አፉን ሲከፍት ሌባ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚነገር ውሸት አያስፈልጋቸውም፤ የሚያዝ ዕቃ ነው የሚያስፈልጋቸው። ከዚያ በኋላ ውሸቱን ራሳቸው ተሸክመው ይዞራሉ። ስጦታው ደስታው በአፉ ወጣና ሳቀ። ወይዘሮ ሀብትነሽም «ይሄ ልጅ ጠበል ያስፈልገዋል» አሉ።

የካቲት አንድ ቀን 2007 ዓመተ ምሕረት፣ እሑድ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ስጦታው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «መንገድ ዳር አንዲት አሮጊት ድንጋይ ተደግፋ ተቀምጣለች» አለ።

«ተያዘች» አለ ያለው።

ስጦታው ይህን ጠብቆ ነበር። ደግ አሮጊት ቢያደርጋት በአምስት ደቂቃ እንደምትጋለጥ አውቆ ነጭናጫ አድርጓት ነው የመጣው። አሮጊቷ ቀና ብላ አየቻቸውና «ሂዱ፣ እናንተን አይደለም የምጠብቅ» አለች። አንድ ሳጥን አቅፋለች። ልትሞት ነው፤ ሳጥኑን ነጯ ከተማ ላለው ልጇ የሚያደርስላት ታማኝ ሰው ትጠብቃለች፤ እነሱ ግን ታማኝ አይመስሏትም።

«ምን አድርገን?» አለች ፈንታነሽ፣ ቱግ ብላ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለች አሮጊቷ በስጦታው አፍ። «አባትሽ የሰው አደራ በልተው ያውቃሉ? አንተ ሰላይ ነኝ ያልኸው፣ ሰላይ ሳጥን አይከፍትም? ይሄስ እሳት የሚተፋው፣ ያቃጥልብኛል!»

ያኔ ነገሩ ተገለበጠ። ሌላ ጊዜ ጠያቂ የነበሩት ሦስቱ ተጠያቂ ሆነው አረፉት። ያለው ተነሥቶ በጨዋታው ውስጥ እስከ ሰባት ቤት ትውልዱን ቆጠረ፤ ማንም አደራ በላ እንዳልነበረ ማለ። ኃይለ ጊዮርጊስ ዲቁናውን ምስክር ጠራ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳጥኑን እንድትሰጣቸው ለመኗት። አሮጊቷ እየተነጫነጨች «እንግዲህ አማራጭ የለኝም» ብላ ሳጥኑን ለፈንታነሽ ሰጠች። «አደራ» አለችና ሞተች።

ኃይለ ጊዮርጊስ ቆቡን አወለቀና እውነተኛውን ፍትሐት፣ ከእውነተኛው ዜማ ጋር፣ ለሌለችው አሮጊት አደረሰላት። ስጦታው ያኔ እውነቱን ሊናገር ዳዳው። ነገር ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም አላቋረጠውም ነበርና ዝም አለ።

በሚቀጥለው እሑድ ሳጥኑ ከበደ። በሦስተኛው ደግሞ በተቀመጠበት ሁሉ ሙጃ ይበቅል ጀመር። ይህን ስጦታው በግልጽ ነገራቸው፤ ጨዋታ ነውና ምልክት ሳይሰጡ ማታለል ነውር ነው፤ ምናልባትም እንዲይዙት የፈለገ አንድ ሰው በውስጡ ነበር።

«ሙጃ?» አለ ያለው፣ እስክሪብቶውን አንሥቶ። «ይሄ ሳጥን መከፈት አለበት።»

«አደራ ነው» አለች ፈንታነሽ።

«ትንሽ ገለጥ አድርገን እንየው።»

«ያለው፣ የሙት አደራ ነው።»

«ነቅነቅ አድርገን ድምፁን እንስማ እንጂ አልከፍትም!»

«ጎራዴዬን መዘዝሁ» አለች ለስጦታው፣ ዓይኗን ከያለው ሳታነሣ።

ያለው ወደ ኃይለ ጊዮርጊስ ዞረ። ዲያቆኑ አማተበና «ሙጃውን እየነቀልን እንሄዳለን» አለ። ያ ሁሉን የሚጠረጥር የመዝገብ ቤት ሰው ተራውን ጠብቆ ሳጥኑን ተሸከመ፤ ሌላ ሰው እንዳይከፍተውም ራስጌው አድርጎ ተኛ። ሳጥኑ «ክፈቱኝ» እያለ ሲያንሾካሹክ እንኳ «ቀልበ ቢስ ሳጥን» ብለው ጋቢ አለበሱት።

በአራተኛው እሑድ የነጯ ከተማ በር ላይ ደረሱ። ፍተሻ ስጦታው ራሱ ቀድሞ ያወጣው ደንብ ነበርና ዘበኞቹ ሳጥኑን እንክፈተው አሉ። ከከፈቱት የስጦታው የወር ልፋትም ወንበርም ሄዱ።

ፈንታነሽ በካርቶኗ ላይ ቀጥ አለች። «የአደራ ዕቃ አይፈተሽም። በእኔ ላይ ዳኙ። ከተገኘብኝ አንገቴን።» ዳይሱን ወረወረች። ሃያ። ሦስቱም ጮኹ፣ ተቃቀፉ። በሩ ተከፈተ፤ ፈንታነሽ ሳጥኑን በሁለት እጇ አቅፋ ገባች።

ስጦታው ለዚህች ደቂቃ አንድ ልዩ ሳቅ ተለማምዶ ነበር፤ ጓሮ ከዶሮዎቹ ፊት። ሳቀው። ሳጥኑ ተበረገደ፤ የሙጃው ጌታ ወጣ፤ አደባባዩን ሙጃ ዋጠው። «በእጃችሁ አስገባችሁት! አሮጊቷ ራሱ የሙጃው ጌታ ነበር! ልጅ የላት፣ ሞት የላት!»

ጭብጨባ ጠበቀ። ቢያንስ ስድብ ጠበቀ፤ ጥሩ ስድብ ከጭብጨባ ይሻላል።

ፈንታነሽ ክንዶቿን አሁንም እንደታቀፈች ነበር። ቀስ ብላ አወረደቻቸው። «በአደራ?» አለች።

«እንግዲህ ማታለል…»

«በአደራ ነው ያታለልኸን?»

ኃይለ ጊዮርጊስ «ፈትቻታለሁ እኮ» አለ፣ ለራሱ። «እግዚኦ ብዬ፣ በስሟ ጸልዬ ፈትቻታለሁ።» ቆቡን አደረገና ከገዛ ሱቁ ወጥቶ ሄደ። ፈንታነሽ ተከተለችው። ያለው ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጻፈ፣ አሰመረበት፣ ስጦታውን አስወጥቶ ሱቁን ቆልፎ ቁልፉን ለባለቤቱ ሊያደርስ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ባጃጅ የስጦታው ደጃፍ ቆመ። ከኋላው ወንበሩ ታስሯል፤ ባለ መደገፊያው። ላዩ ላይ የያለው ጽሕፈት ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፤ «በውላችን መሠረት አታለሃል። ወንበሩ ያንተ ነው።»

ሦስት እሑድ እዚያ ወንበር ላይ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ የሚሰሙት፤ እነሱም የሚመጡት ጥሬ ሲበተን ነው። መድኃኒት ቤት ሄዶ ፈንታነሽን ሊያናግራት ሞከረ። ሳታየው «የሐኪም ማዘዣ ይዘሃል?» አለችው። «አልያዝሁም» ሲላት «ቀጣይ!» አለች። ከኋላው ማንም አልነበረም። ያኔ ነው ክፉኛ ያመመው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ ነገር ቢኖር በዋጠ ነበር።

በመጨረሻ ለያለው ሽማግሌ እንያዝ ብሎ ላከበት። ቢቸና ውስጥ የማይታሰብ ነው፤ ነገሩ ተነግሮ ሳያልቅ ወይዘሮ ሀብትነሽ ጆሮ ይደርሳል፤ እናቱ ልጃቸው በአደራ መቀለዱን ከሰሙ ሌላ ሽማግሌ ሊያስፈልግ ነው። ያለው «ዳኝነት ከሞጣ ነው» አለ፣ እንደ ደንቡ። ፈንታነሽም አያቷ ሞጣ ነበሩና እሺ አለች።

ቅዳሜ አራቱም በአንድ ሚኒባስ ተሳፈሩ፣ ሳይነጋገሩ። ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈነዳ። ወርደው ኮረኮንቹ ዳር በሰልፍ ቆሙ። ስጦታው ሸንኮራ ገዝቶ ለፈንታነሽ ሰጣት፤ ተቀብላ ለያለው ሰጠችው፣ ያለው ለዲያቆኑ፣ ዲያቆኑ መልሶ ለስጦታው። ሸንኮራውን ብቻውን በላ።

የፈንታነሽ አያት አባ ወልደ ኪዳን ሰማንያን የተሻገሩ፣ በሞጣና በዙሪያዋ የድንበርም የደምም ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ያለው ከደብተሩ ሲያነብ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ቆይ» አሉ። «አሮጊቷ የየት አገር ሰው ናት?»

«የለችም አባ» አለ ስጦታው።

«መሞቷንማ ሰማሁ።»

«አይ፣ መጀመሪያውኑ አልነበረችም።»

«ሳጥኑስ?»

«እሱም የለም።»

«ከተማውስ?»

«የለም አባ። ወሬ ነው ሁሉም።»

አባ ወልደ ኪዳን ዓይናቸውን ገለጡ። «ታድያ ምን ጠፍቶ ነው ያን መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ?»

ፈንታነሽ «አደራው ነው አባባ» አለች።

«እሱማ ጠፍቷል» አሉ ወዲያው። «ሳጥኑ ምን ያህላል?»

ፈንታነሽ በእጆቿ አሳየች። አባ ወልደ ኪዳን ወደ ያለው ዞሩ፤ እሱም አሳየ። ዲያቆኑም አሳየ። ሦስቱም ልክ ያንኑ ያህል ነበር፤ ስፋቱም ቁመቱም። ስጦታው ስለ ሳጥኑ መጠን አንድም ቀን ነግሯቸው አያውቅም።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«ጨዋታ ነው እኮ አባ! ተራኪ ሥራው ማታለል ነው። ሌላውን ሁሉ ሞከርሁ፤ ሁሉንም ነቁብኝ። ወንበሩን ሊወስዱብኝ ሆነ። እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው ሰው የሚሰማኝ። ሌላ ቦታ የለኝም።»

ፈንታነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«አጥፍተሃል» አሉ ሽማግሌው። «ጨዋታው ውሸት ይሁን፤ እነሱ መጠበቃቸው እውነት ነበር። ይቅርታ ጠይቅ።»

ስጦታው ተነሥቶ የሦስቱንም ጉልበት ሳመ። ዲያቆኑ ጋ ሲደርስ «ፍትሐቱን ይቅር በለኝ» አለው። ኃይለ ጊዮርጊስ «ለሌላ ለሞተች ይሁንላት» አለ፣ ወደ ጣሪያ እያየ። ነገሩ ያለቀ መሰለ። አባ ወልደ ኪዳን ግን አልጨረሱም።

«አሁን ሳጥኑ በማን እጅ ነው?»

«አደባባዩ ላይ ነው አባባ» አለች ፈንታነሽ። «ክፍቱን ተጥሎ።»

«የሰው አደራ ክፍቱን ይጣላል? ዝጊና አምጭው።»

ፈንታነሽ ተነሣች። ከወለሉ መካከል ጎንበስ አለች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ በሁለት እጇ አቅፋ ተነሣች። ስለሚከብድ በቀስታ ነው የሄደችው። በአያቷ ቀኝ እግር ሥር፣ መሬቱ ላይ፣ ድምፅ ሳታሰማ አስቀመጠችው። አባ ወልደ ኪዳን የጋቢያቸውን ጫፍ ሰብስበው ቦታ ለቀቁለት። «በል፣ ባለቤቱ እስኪመጣ እኔ ዘንድ ይቀመጣል» አሉ።

ስጦታው ፈገግ ሊል ነበር። ያኔ ያለው ደብተሩን ሲያገላብጥ ሰማ።

«ታኅሣሥ አምስት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ» አለ ያለው፣ ለፍርድ ቤት በሚያነብበት ድምፅ። «ተራኪው እንዲህ ብሏል፤ የሙጃው ጌታ በሰባት ቀን አንዴ ማደሪያው ገብቶ ካልተኛ እንደ ታጨደ ሙጃ ይደርቃል። በል ተጠየቅ፤ ማደሪያው ምንድን ነው?»

ስጦታው ይህን ማለቱን ረስቶት ነበር። ያን ዕለት ለማሳመር ብሎ የጨመራት ናት። አሁንም መውጫ አለው፤ ማደሪያው ዋሻ ነው፣ ጉድጓድ ነው ቢል ማን ይከለክለዋል? ተራኪው እሱ። ሰብሰብ ያለውን ጋቢ አየ፤ ከአጠገቡ ባዶ የተተወችውን መሬትም አየ።

«ሳጥኑ ነው» አለ።

«አባባ» አለች ፈንታነሽ፣ ፊቷ እየበራ፣ «አንድ ሰውዬ መጥቶ ሳጥኑን ስጡኝ ቢልዎት ይሰጡታል?»

«ያስቀመጠችው አሮጊቷ አይደለችም? እሷ ትምጣ።»

«ሞታለች» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ። «እኔው ራሴ ፈትቻታለሁ።»

«እንግዲያው የሙት አደራ ነው። ማንም አይወስደው።»

«አባ!» አለ ስጦታው። «አሮጊቷ እኮ እሱ ራሱ ነው! የሙጃው ጌታ!»

«ነው? እንግዲህ ሞቶ ተቀብሮ ይምጣና ይጠይቀኛ» አሉ አባ ወልደ ኪዳን። «ሲመጣ አየዋለሁ።»

ያለው ጻፈ። በጨዋታው አገር ገና ያው ቀን ነበር፤ ሰባት ቀን ቀርቶታል የሙጃው ጌታ። ስጦታው በሐሳቡ አስወጣው፤ ከነጯ ከተማ እስከ ሞጣ እያስኬደ አመጣው፣ መነኩሴ አደረገው፣ ነጋዴ አደረገው፣ ፀጉሯ የተሠራ ቆንጆ አደረገው። በእኚህ ሽማግሌ ፊት ሁሉም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ብቸኛው የተሳካለት ክፉ ሰው እዚያው ወለል ላይ ደርቆ ቀረ፤ ማዘንም መደሰትም አቃተው።

ተመርቀው ተነሡ። ስጦታው የሽማግሌውን ጉልበት ሊስም ጠጋ ሲል አባ ወልደ ኪዳን ድንገት በበትራቸው መሬት መቱ።

«እግርህን አንሣ! ሳጥኑን ረገጥኸው!»

ስጦታው ዘሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። «ይቅርታ አባ» አለ፣ ጎንበስ ብሎ የተጎዳ ነገር እንዳለ እያየ።

ቀና ሲል ሦስቱም ያዩት ነበር። መጀመሪያ የፈነዳው ያለው ነው፤ ከዚያ ዲያቆኑ ቆቡን አፉ ላይ አድርጎ፤ ፈንታነሽ ግድግዳ ተደግፋ እስክታለቅስ ሳቀች።

«እሑድ ስምንት ሰዓት» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ወንበሩን ይዘህ ና።»

ስጦታው ሳጥኑን በሩቁ ዞሮ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ ከኋላቸው ወጣ።